ሆን ተብሎ የተቀደደ ገጽ

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነኝ። ነፍስህን ይማረውና፣ ከሞትክም በኋላ እንቅልፍ የምትነሳኝ አንተው ነህ።

ቤቱ እንደተውከው ነው። ደንበኞችህ አሁንም ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ እያለከለኩ መጽሐፍ ሊያስጠርዙ ይመጣሉ፤ አርፏል ስላቸው ከንፈር መጥጠው ይመለሳሉ። ሙጫህ ቆርቆሮው ውስጥ ደርቋል።

ፒያሳ ስንት አራዳ አለ፣ እንዳንተ ያለ ግን አላየሁም። ቅኔ ቤት ያደገ፣ ግዕዝና ጣልያንኛ የሚያነብ ባሌ በእኔ የፀጉር ሽቦ የመጋዘን ቁልፍ ይከፍታል ቢሉኝ ማን ያምናል? ከተወረሱ ቤቶች ተግዘው መንግሥት መጋዘን ውስጥ የሚበሰብሱትን መጻሕፍት ሁለት ሁለት እያደረግህ በካፖርትህ ሥር አወጣሃቸው። ሌባ አገባሁ ብዬ ስቆጣ፣ ከአይጥ አፍ መንጠቅ ሌብነት አይደለም ብለህ ትስቃለህ። የተከለከሉትን በሌላ መጽሐፍ ሽፋን ትጠርዛለህ፤ ስትጨርስ ደግሞ አንዱን ገጽ ሆን ብለህ ቀደድ ታደርገዋለህ። ተውሶ ገጹን አጣብቆ ለመለሰ ሰው ተከታዩን ክፍል ትሰጠዋለህ፤ እንደተቀደደ ለመለሰው ግን የለኝም ትለዋለህ።

የትኛው ሽፋን ውስጥ እንደደበቅካቸው ግን አልነገርከኝም። የቅኔ ተማሪ ስለሆንክ በጥቁሮቹ የጸሎት መጻሕፍት ሽፋን መስሎኝ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበርኳቸው። ባለፈው ሳምንት ቀበሌዎች ለንባብ ቤታቸው መጽሐፍ ሲጠይቁ ከቀዮቹ የፖለቲካ ትምህርት መጻሕፍት ሰባቱን ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። አመስግነውኝ ሄዱ። ማታ ጥቁሮቹን ብገልጣቸው ሁሉም ዳዊት! ከቀሩት ቀዮች አንዱን ገለጥኩ፤ ውስጡ የተከለከለው ነው። ጉዴ ፈላ።

ስድስት ቀን እህል አልዋጥልኝ አለ። በር በተንኳኳ ቁጥር ነጠላዬን እደርባለሁ፣ ቢወስዱኝ ብዬ። አንተንም ረገምኩህ፤ ይቅር በለኝ።

ዛሬ ጠዋት የንባብ ቤቱ ኃላፊ ጓድ መርዕድ መጣ። በጋዜጣ የጠቀለለውን ቀይ መጽሐፍ ጠረጴዛህ ላይ አኖረና፣ በሩን በሩን እያየ፣ "እትዬ፣ የዚህ ክፍል ሁለት ይኖርዎት ይሆን?" አለኝ። ልፈልግ ብዬ ሸኘሁት።

ሊያጠምደኝ ይሁን፣ ማንበብ አምሮት ይሁን፣ ማን ያውቃል? ስነሳ ስቀመጥ ዋልኩ። ሦስቴ ክፍል ሁለትን ምድጃው ዘንድ ወስጄ ሦስቴ መለስኩት። አመሻሹ ላይ እሱ ያመጣውን መግለጥ ጀመርኩ። የቀደድከውን ገጽ መሀል ላይ አገኘሁት። በስስ ወረቀት፣ ፊደል ሳይሸፍን፣ አንተ ራስህ እንደምታጣብቀው አጣብቆታል። አለቀስኩ ታዴ።

ነገ ክፍል ሁለትን እሰጠዋለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ግን አንተን ማስታወስ ማለት ፎቶህን መወልወል ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? እስካለሁ ድረስ ሥራህን አልረሳም። ክፍል ሁለትን ሳትቀደው ነው የሄድከው፤ አሁን ይህን ከመጻፌ በፊት አንድ ገጽ ቀድጄበታለሁ፤ እጄ አልለመደም፣ ትንሽ በዛብኝ።

ባለቤትህ አልማዝ