ኮዱን ይዘን ስሙን ትተን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ዝናብ። ጃንጥላዬን ባቡር ላይ ረሳሁ። ቢሮ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር… የኢሶናጊ ነጻ ቅጂ ከእንግዲህ አይወጣም። ይሄ የዓሣ ጨረታ ሶፍትዌራችን እኮ በሁለት ፈቃድ ነበር የሚሰጠው፤ ኮዱን ለሁሉ ክፍት ለሚያደርግ በነጻ፣ መደበቅ ለሚፈልግ በክፍያ። የጻፉት መምህራችን አቶ ሃቡቶ ሸጡትና የገዛው የቶኪዮ ድርጅት ነጻውን ዘጋው። ትንንሾቹ ወደቦች ከየት አምጥተው ይከፍላሉ? የሸርጣን ወቅት ደግሞ ደርሷል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ከድርጅቱ ተለየን። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ጹኔኪ የመጨረሻውን ነጻ ኮድ ቀድተን የራሳችንን ጀመርን። ፈቃዱ ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ስታካፍሉ ግን ኮዱን አትደብቁ ይላል። የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ወደኋላ አይነጠቅም። ታዲያ ምን ያስፈራል?
ስሙን ኢሶሃማ አልነው። እዚህ ጃፓን ከጌታው ሱቅ ተመርቆ የወጣ ሠራተኛ ከሱቁ ስም ቆርሶ ይይዛል። «‹ኢሶ›ን ካልያዝን በምን ዓይናችን መምህር ፊት እንቀርባለን?» አለ ጹኔኪ። እውነቱን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
የድርጅቱ ማስጠንቀቂያ መጣ። ስለ ኮዱ አንድ ቃል የለም… ስሙን ነው የያዙት። ጠበቃ ኒሺና ሳቀችብን።
«ኮዱን በፈቃድ ወሰዳችሁ። ስሙን ማን ፈቀደላችሁ?»
«አክብሮት እኮ ነው» አለ ጹኔኪ።
«ጌታው ሲመርቅ ነዋ! የንግድ ምልክቱ አሁን የድርጅቱ ነው። በዚህ ብቻ ያስቆሟችኋል።»
እኔም አላረፍኩ። ኮዱን ለሚደብቅ እኛም በክፍያ ብንፈቅድስ?
«አትችሉም። የድሮው ኮድ መብት የእነሱ ነው፤ የጻፋችሁትን ሁሉ ፈርማችሁ አስተላልፋችሁላቸዋል።»
ስንት ዓመት የለፋሁበት!
«ከአሁን ወዲያ የምትጽፉት ግን የእናንተ ነው። ሳትፈቅዱ በተዘጋው ቅጂያቸው ውስጥ ሊያስገቡት አይችሉም።»
ይቺን ስሰማ ወገቤ ቀና አለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
አዲሱ ስም ሚዮ። ጹኔኪ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ይመስላል። መምህር ይቀየሙን ይሆን? ቢቀየሙም ወደቦቹ ያለ ጨረታ ከሚቀሩ ይሻላል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27
የሸርጣን ወቅት ተከፈተ። ሦስት ወደቦች በሚዮ ተጫረቱ፤ እክል የለም። ድርጅቱም ዝም ብሏል። ምን ሊል?

እሑድ፣ ኅዳር 1
ጠዋት ከመምህር ኮድ ደረሰኝ። የዓሣ ሚዛኑን ንባብ የሚያስተካክል። ወዲያው ደወሉ።
«ሺዙኖ፣ የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»
«ፊርማ የለም፣ መምህር።»
«መብቱን ለማን አስተላልፋለሁ ታዲያ?»
«ለማንም። በነጻው ፈቃድ ያካፍሉናል እንጂ አይሰጡንም። ከላይ ስምዎን ይጻፉበት።»
«ኢሶ»ን ስለተውን ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ… ዕድሜ ልካቸውን የጻፉትን የሸጡ ሰው ናቸው።
«ይሄኛው የኔ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው?»
«ይቀራል።»
አንድ ስህተት ስለነበረበት ግን ኮዱን መለስኩላቸው። ነገ አርሜ እልካለሁ ብለዋል።