ቁልፍ የሌለው በር

ሐምሌ 21

ዛሬም ዝናብ። ልብስ አጥቤ አልደረቀም፤ ሳሎን ገመድ ወጥሬ ሰቀልኩት። ምስር ለቀምኩ። ሌላ ምን ሠራሁ... የዓለማየሁን ካርቶን ስለቅም ዋልኩ።

የአሠሪዬ የእማማ ሽታዬ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ቀኑ። እማማ በሰኔ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተጎዳ፣ አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት። ልጅ ሆዬ ይህን ሲሰማ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? አምፖል! ስልክ ሲነካ የሚበራ አምፖል። ካሜራ። ሽቦ። እናትህ ወደቀች ሲሉት አምፖል የሚገዛ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም።

«እዪ እማዬ፣ እጅሽን ሳታነሺ ይበራል» አላቸው።

«እጄ ምን ሆነና? የወደቅኩት በዳሌዬ» አሉት።

ማድቤት ገብቼ ሳቅኩ። ይህችን ደብተርም የምጽፋት እዚሁ ማድቤት ነው። እዚህ ካሜራ የለም። እስካሁን።

ሐምሌ 23

የዋናውን በር ቁልፍ ነቀለው። በቦታው አንድ ጥቁር ነገር ሰካበት። ቁልፍ የለውም። ከውስጥ እጀታ እንኳ የለውም!

«ቁልፍ የድሮ ነው ያለም» አለኝ።

በስልክ ነው የሚከፈተው። ስልኩ ቡፌ ውስጥ ላስቀመጣት ትንሽ ኮምፒውተር ይነግራል፣ ኮምፒውተሯ ለበሩ ትነግራለች። ለአንዲት በር ስንት አማላጅ።

መቼም ለማስረዳት ሲወድ። «ቤቱን የሚያዘው ፕሮግራም ኮንቴይነር የሚባል ነገር ውስጥ ነው ያለው። እንደ አገልግል አስቢው። ምግቡ ውስጡ ተከድኗል፣ ከሌላው ጋር አይነካካም፣ የትም ይዘሽው ትሄጃለሽ። ቢበላሽ አገልግሉን ትጥይና በደቂቃ አዲስ ታመጫለሽ።»

«ምግቡስ?» አልኩት።

«ምግቡ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው። አይገባሽም ተይው።»

አይገባኝም። አገልግል ይጣላል እንዴ? የሰፋችው ሴት በሰማችው።

ከዚያ ሕጉን ነገረኝ። ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በሩ በእኔ ስልክ ይከፈታል፣ ለገበያና ለወፍጮ። ከዚያ ውጭ ለእሱ ደውዬ አስፈቅጄ ነው። እማማ ግን ክረምቱ እስኪያልፍ ንቅንቅ የለም።

«እናቴ ከዚህ በር ከወጣች አንቺም ወጣሽ። ያኔ እንዳትመለሺ» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። ሲስቅ ነው የሚያስፈራኝ።

የት እሄዳለሁ? ቁይ ከተማ፣ ወንድሜ ጋ? ሚስቱ ጨርቄን ሰብስባ ደጅ የወረወረችው አምና ነው። ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠችን ደግሞ ማን ይቀጥራል... አልከፍትም። ብሞት አልከፍትም።

ሐምሌ 25

ሄደ። ድምፁ ግን ቀረ! ሳሎን ባለችው ድምፅ ማጉያ ቀድቶት ሄዷል። ሁለት ሰዓት ሲሆን፦ «እማዬ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ።» አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ መልሶ ያው።

እማማ መጀመሪያ ቀን ደንግጠው አማተቡ። ዛሬ ግን «አቤት ጌታዬ» አሉት። ወደ እኔ ዞረው፦ «ልጅ ወለድኩ ስል አውራ ዶሮ ኖሯል።»

ሐምሌ 27

ደወለ። «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰው ይንቀሳቀስ ነበር። ማነው?»

ሁሉንም ይጽፋል ያ ነገር። በር ስንቴ፣ መብራት ስንቴ፣ ማን በየት በኩል አለፈ።

«እኔና እማማ ነን ጋሼ...»

እማማ ከኋላዬ ጮኹ፦ «ሦስተኛ ዝንብ ነበረች በለው! ስሟን እንዲጽፍ!»

እሳቸው ይቀልዳሉ። የሚባረረው ሌላ ሰው ነው።

ሐምሌ 29

መብራት ጠፋ፣ ከሰዓት በኋላ መጣ። በሩም የውሃ ፓምፑም አብሮ ተነሳ። «አየሽ? ራሱ ይነሳል» አለኝ ስልክ ደውሎ፣ ሬሳ ያስነሳ ይመስል። ድንቄም።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ።

እማማ አራት ሰዓት ላይ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጡ። አርባ ምናምን ዓመት የፍልሰታ ቅዳሴ ቀርተው አያውቁም። ማርያም ደግሞ ቅርብ ናት፣ ደወሏ እዚህ ይሰማል።

«ያለም፣ ልጄ። ክፈችልኝ።»

«እማማ... አይቻልም።»

«አንቺን ይዤ ነው የምሄድ። ቀስ ብለን።»

«ያባርረኛል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እሱስ ያዛል፣ ወልጄዋለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺን ማን ዘበኛ አደረገሽ?»

ማድቤት ገባሁ። አለቀስኩ እንዳልል ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሩፋኤል ከቅዳሴ መልስ ሊጠይቋቸው መጡ። የግቢው በር ላይ ያለችው ካሜራ «አባ፣ እናቴ አሟታል፣ ሌላ ቀን ይምጡ» አለቻቸው። በዓለማየሁ ድምፅ፣ ከአዲስ አበባ! አባ ሦስቴ አማትበው፣ መስቀላቸውን አውጥተው ካሜራዋን ባረኳት። ሰይጣኑ ይለቃት ይሆናል ብለው መሰለኝ። ሲለቃት አላየሁም።

ነሐሴ 3

ዛሬም በሩ ሥር። ዳዊታቸውን ይዘው። አላናገሩኝም።

ነሐሴ 4

ዓለማየሁን ደፍሬ ለመንኩት። ይዣቸው እሄዳለሁ፣ ክንዳቸውን አልለቅም፣ ቀስ ብለን፣ ድንጋዩን ድንጋዩን እየረገጥን...

«ለታመመ ሰው ቤተክርስቲያን ራሷ ትፈቅዳለች» አለ። እሱ! መቼ ሄዶ ሰማ?

ነሐሴ 6

ጽሑፌ ለራሴም አልነበብ አለኝ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ወፍጮ ልሄድ ስልኬን ነካሁ። በሩ ዝም። ደግሜ ነካሁ። ዝም። የመድኃኒቱም ድምፅ ዛሬ የለም። ደወልኩለት።

«ትንሽ ጠብቂ። ከዚህ ሆኜ አዲሱን ጭኜበት ነው። አሮጌውን ኮንቴይነር አጥፍቼ በአዲስ ተካሁት። አሁን ይነሳል።»

ሦስት ሰዓት። አራት ሰዓት። ፓምፑም አልነሳ አለ፣ ሮቶው ባዶ፣ ለእማማ የሚጠጣ አንድ ጆግ ብቻ ቀረኝ። አምፖሎቹ በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብለው ቀሩ። መስኮቱ ሁሉ ብረት ነው... እሳት ቢነሳስ? እማማ ቢያማቸውስ? በሩን በእጄ መታሁት፣ በእግሬ መታሁት። ምናባቱ!

አምስት ሰዓት ላይ መልሶ ደወለ። ድምፁ ያ ድምፅ አይደለም።

«ያለም... ስሚኝ። የቤቱን ሕግ ውጭ ማስቀመጥ ረስቼ ኖሯል። ኮንቴይነሩ ውስጥ ነበር። ሳጠፋው አብሮ ጠፋ። በሩን፣ ፓምፑን፣ እኔንም ጭምር ረስቶናል። ከዚህ ሆኜ የምገባበትም መንገድ አብሮ ሄዷል።»

አገልግሉን ከነምግቡ ወረወረው! ምግቡስ ብዬው ነበር እኮ!

«ምን አለሽ?» አሉ እማማ ከወንበራቸው። ነገርኳቸው። «አሥራ ስድስት ዓመት የተማረው ይህን ነው?» አሉ።

አሁን መክፈት የሚችል ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው አለ። ከእኔ ሌላ ማን አለ? ቁጥር እየጠራ ስልኬ ላይ አስጻፈኝ። ገጽ መጣ። ፈረንጅኛ ነው፣ ባዶ ባዶ ሣጥን አለው።

«የመጀመሪያው ላይ የባለቤቱ ስም ነው የሚገባው። ቀድሞ የተጻፈው ሰው ነው ከእንግዲህ ሁሉን የሚያዘው፣ ስለዚህ ተጠንቀቂ። የእኔን ነው የምትጽፊው። በይ... ኤ... ኤል...»

በዚህ መሃል ደወል ተደወለ። እማማ ተነሡ። መሄጃ እንደሌላቸው እያወቁ ተነሡ፣ ፊታቸውን ወደ ተዘጋው በር አዙረው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ስድስተኛ ቀናቸው። ጀርባቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

«ኤል ብለሻል?»

«ብያለሁ ጋሼ።»

አላልኩም። በእንግሊዝ ፊደል፣ ከመታወቂያዬ ላይ አይቼ የለመድኩት አንድ ስም አለ። እሱን ጻፍኩ። የይለፍ ቃል ሲነግረኝም እሺ እሺ እያልኩ የራሴን አስገባሁ። በጾም ዋሸሁ።

«ጨረስሽ? አሁን በሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አስገቢ።»

አስገባሁ። የበር ሥዕል መጣ። ነካሁት። ቀጭ!

«ጎበዝ! በቃ እንዳትነኪ፣ እኔ አሁን ገብቼ ሕጉን መልሼ እሠራዋለሁ...»

ዘጋሁበት።

«እማማ፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ቅዳሴ ነዋ።»

ፊቴን አዩኝ፣ በሩን አዩት። ክንዴን ያዙኝ፣ ጥፍራቸው ቆዳዬ ውስጥ እስኪገባ። በጭቃው፣ ድንጋዩን ድንጋዩን። ስልኬ ጉያዬ ውስጥ ሲጮህ፣ ሲጮህ፣ ሲጮህ... ደርሰን ጸጥ እስካደርገው አላቆመም።

አልወደቁም። ይህን ልጻፈው። አልወደቁም።

ነሐሴ 7

ትናንት ያላነሳሁትን ዛሬ አነሳሁት።

«የይለፍ ቃሉ እንቢ አለኝ! ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ስሙ የእኔ ነው ጋሼ።» ድምፄ የአይጥ ድምፅ ነው የወጣው።

«የማን?»

«የእኔ።»

ሌባ አለኝ። ፖሊስ አለኝ። ደንቆሮ አለኝ። ደንቆሮዋ ናት እንግዲህ ቤትህን የያዘችው፣ ልለው አፌን ከፈትኩ። እማማ ስልኩን ነጠቁኝ።

«ዓለማየሁ፣ የምን ፖሊስ ነው? ቤቱ የኔ፣ በሩ የኔ። እሷ ባትኖር አስከሬኔን በምን ታወጣው ነበር፣ በአምፖሉ?»

እመጣለሁ አለ። ቅዳሜ።

ነሐሴ 9

ጨርቄን በፌስታል ቋጥሬ አስቀመጥኩ። ሲያባርረኝ ስለቃቅም እንዳያየኝ።

ነሐሴ 11

መጣ። ደጀን ላይ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ተዘግቶ ነበር አሉ፣ ማታ ገባ ዝናብ እየመታው። በስልኬ አየሁት፣ ግቢው በር ላይ ቆሞ፣ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ። ሲያሳንሰው!

«አስገቢው» አሉ እማማ። «ጫማውን ግን ደጅ ያውልቅ።»

ሰላም ሳይለኝ ቡፌውን ከፈተ፣ ላፕቶፑን አወጣ፣ ትንሿ ኮምፒውተር ላይ ሰካ። እንደገና አጥፍቶ በስሙ ሊሠራው ነው። ለእሱ የደቂቃ ሥራ ነው፣ ይህን እኔም ገብቶኛል። እኔ ፌስታሌን ይዤ ማድቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ።

እማማ መጡ። ከዘራቸውን ላፕቶፑ ላይ አጋደሙት። ቀስ ብለው።

«እማዬ፣ ይሰበራል...»

«ይሰበር። ስማኝ። ይህችን ልጅ ካስወጣህ፣ ወይ ያንን በር መልሰህ ከዘጋህብኝ፣ ዲማ ገዳም ገብቼ እመነኩሳለሁ። ቆቤን አባ ወልደ ሩፋኤል ያመጡልኛል። እዚያ በስልክ አትከፍተኝም።»

«እኔ እኮ እንዳትወድቂብኝ ነው!»

«ልውደቅ። አፈር ላይ ነው የምወድቀው። ከአፈር ሌላ ምን ይጠብቀኛል?»

ዓለማየሁ አለቀሰ። እውነቴን ነው፣ ትልቁ ሰውዬ፣ በካልሲው ቁጭ ብሎ። ትንሽ አሳዘነኝ። ትንሽ ነው።

ላፕቶፑን አጠፈው። «በይ እሺ። ማየት የምችል አድርጊኝ» አለኝ።

«ማዘዝስ?» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«...ማየት ይበቃኛል።»

ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራልኝ። በዚህኛው ጊዜ የነገረኝን ጻፍኩ። ከዚያ የቤቱን ሕግ ውጭ አውጥቶ አስቀመጠ፣ እንዴት እንደሆነም አሳየኝ። ሲያስተምር አፉን እንደ ሕፃናት አስተማሪ ያሞጠሙጣል። አሁንም አይታረምም።

ነሐሴ 12

ሄደ። ፌስታሌን ፈታሁ።

ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ። እማማ ከስድስተኛው ቀን ወዲህ አንድም ቅዳሴ አልቀሩም። በሩ አምስት ሰዓት ሲሆን ራሱ ይከፈታል፣ በሌላ ጊዜም እማማ ጥቁሩን ነገር ሲነኩት ይከፈትላቸዋል። እኔ ነኝ ሕጉን የጻፍኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ግን ጻፍኩት። ሳሎን ያለችውን ካሜራም ነቀልኳት።

ነሐሴ 24

ጠዋት ገበያ ድንች ስመርጥ ስልኬ ነዘረኝ። በር ተከፈተ፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር። አየሁት፤ እማማ ናቸው፣ ብቻቸውን፣ ነጠላ እንኳ በቅጡ ሳይለብሱ፣ በግቢው በር ሊወጡ። ሳይነግሩኝ! ጭቃ ነው እኮ፣ ትናንት ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረ። ቢወድቁ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ደሜ ፈላ። ካሜራዋን ነክቼ ጮኽኩ፦

«ወዴት ነው? ወደ ቤት!»

ካሜራዋ ዝናብ ከመታት ወዲህ ድምፅ ትሰባብራለች፣ የማን እንደሆነ አይለይም። እማማ ቀጥ ብለው ቆሙ። ወደ ላይ አንጋጠው ካሜራዋን አዩ። ፊታቸው ደክሟል።

«አንተ ነህ ዓለማየሁ?» አሉ። «ጎረቤታችን ምሥራቅ ጋ ነው የምሄደው። እሺ... እመለሳለሁ።»

ተመለሱ። በሩም ተዘጋ፣ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ብሎ ጻፈ።

ባለ ድንቿ «ስንት ኪሎ ላድርግልሽ?» ስትለኝ አልሰማኋትም። ቤት ስገባ እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ያ ልጅ ደግሞ ጀመረው» አሉኝ። «አንቺ አልዘጋሽበትም እንዴ?»

«እዘጋበታለሁ እማማ» አልኳቸው። ድንቹን ማጠብ ጀመርኩ።