የግመል ቆዳ ለለበሰው አዞ ጌታ

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከደብዳቤው በፊት አንድ ጉድ በጆሯችሁ ልንገራችሁ፤ ባለፈው ሐሙስ፣ እዚህ ከድንበር ማዶ በምንኖርበት የወደብ ከተማ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በተከፈተው የጥንት አራዊት ማሳያ፣ የአምባሳደሮች ሚስቶች ፊት፣ በገዛ ነጠላዬ ላይ አስታውኬያለሁ። ለምን እንደሆነ ለባለቤቱ ጽፌያለሁና እናንተም አንብቡት።

ይድረስ ለክቡር አቶ ወሰኑ፣ የማሳያው መሥራችና ዳይሬክተር፦

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ አፍንጫዎ? እኛ ተጋባዦችዎ ሆዳችን ገና አልረጋም እንጂ ደህና ነን።

አንደኛ፣ ከባሕር ማዶ ካስመጡት፣ አሊጌተር የሚባለው የአዞ ዓይነት ዘመድ ከሆነውና ዘሩ ከምድር ከጠፋው አዞ የተገኘው፣ ጥርስ ያለበት የመንጋጋ ስባሪና አንድ የጀርባ ቅርፊት ብቻ መሆኑን በትሕትና ስለነገሩን እናመሰግናለን። የቀረውን ሰውነት በሽቦ ሠርተው፣ እውነተኛ እንዲመስል ብለው ከባልባላ ሰፈር ባስመጡት ያልተለፋ የግመል ቆዳ መሸፈንዎን ግን ለምን ደበቁን? መብራት ሄዶ ኤር ኮንዲሽነሩ ሲቆም እኮ ቆዳው ራሱ ነገረን። ሆዱ ሥር ትል አይቻለሁ፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ምቾት ላይ ያለ።

ሁለተኛ፣ እንግዳው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ በጣትዎ የጠቆሙት ቤትዎን የምታጸዳውን የውብዳርን ነበር። «ሽታው የእሷ ነው፤ ስንቴ ታጠቢ ብያታለሁ» አሉ፣ እንዳይገባት በፈረንሳይኛ። ገብቷታል። ዘበኛዎ ጫላቸው ሸሚዙን አፍንጫው ላይ ስቦ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ይሄ አውሬ ገና ዛሬ መሞቱ ነው!» ቢልዎ እሱንም ተቆጡት። ከመንጋጋ ስባሪ ሙሉ አውሬ ያየው ዓይንዎ ፊትዎ የቆመችውን ሙሉ ሰው አለማየቱ ይደንቃል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከትሉ በላይ ያቅለሸለሸኝ ይሄ ነው።

ሦስተኛ፣ በማግሥቱ አባረሯት። ፓስፖርቷን ግን «ሽታው የእኔ ነበር ብላ እንግዶቼን ይቅርታ ካልጠየቀች አልሰጥም» ብለው ይዘዋል። እናቷ ድሬዳዋ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ቅዳሜ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። እሷ ዋራበሌ ሰፈር ጓደኛዋ ዘቢባ ቤት ተጠግታ፣ ንጹሕ መሆኗን እያወቀች፣ ቆዳዋ እስኪላጥ ትታጠባለች። ዘቢባ «እትዬ፣ ሳሙናው አለቀ እንጂ እሷ አልበቃትም» አለችኝ።

ነፋሱ ከእርስዎ ወደ እኔ በማይነፍስበት በኩል ቆሜ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎት፣ አክባሪዎ ፅዮናዊት

ማስታወሻ፦ እንግዶችዎን ዞሬ ጠይቄያለሁ፤ ከየውብዳር ይቅርታ የሚጠብቅ አንድም የለም፤ ከእርስዎ የሚጠብቁ ግን ሞልተዋል። ረቡዕ ጠዋት እሷና እኔ በርዎ ላይ እንቆማለን። ፓስፖርቷን በእጇ ይሰጧት እንደሆነ፣ ወይስ ጫላቸውን «የሉም በላቸው» ብለው ከመጋረጃው ጀርባ ይቆሙ እንደሆነ፣ ያየሁትን ሳላሳምር በዚሁ ገጽ እጽፈዋለሁ።