ሠላሳ ሁለት ኩባያ ውሃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ዛሬም ያው። ጠዋት ሠላሳ ሁለቱን ዕጩ መምህራን "ሳያባክኑ መኖር" የሚለውን ኮርሴን አስተማርኩ። ከምሳ በኋላ ኮሌጁ ጓሮ ወርደን ቅጠልና ልጣጭ በርሜል ውስጥ ከመርን። በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል። "በየቀኑ አንድ ኩባያ ውሃ ይፈልጋል" አልኳቸው። ያጠጣ የሚፈርምበት ወረቀትም ለጠፍኩ፤ ነጥብ አለው። ነጥብ ከሌለው ማን ይሠራል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21
ሸተተ። ሸተተ ቢሉት ያንሰዋል... ቤት ስደርስ እህቴ በር ላይ አስቆመችኝ። "አንቺ፣ ጫማሽን እዚያው!"

ዓርብ፣ ጥቅምት 22
የትምህርት ክፍል ኃላፊው ጠራኝ። በርሜሉ ከቢሮው መስኮት ሥር ነው፤ ምን ነክቶኝ እዚያ አስቀመጥኩት? "እስከ ኅዳር አጋማሽ ካልተስተካከለ በርሜሉ ይነሣል። የተግባር ሰዓቱም ይቀራል። ከመጽሐፍ ይማሩ።" ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ከመጽሐፍ? ነገ ሕፃናት ፊት የሚቆሙት እኮ እነሱ ናቸው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25
ጉዱ ወጣ። "ዝምተኛዋ" የምንላት ተማሪ ከክፍል በኋላ የፊርማውን ወረቀት ይዛ ቀረች።
"ቲቸር... ሁላችንም በየቀኑ አጠጥተን ፈርመናል እኮ።"
ቆጠርኩ። በየቀኑ ሠላሳ ሁለት ፊርማ። ሠላሳ ሁለት ኩባያ ውሃ! ምስኪኑ በርሜል ሰጥሞ ሸተተ እንጂ መች በስብሶ ማዳበሪያ ሆነ።
"እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"
"ነጥቡ ይቀርብናል ብዬ።"
ሳቄ መጣ። ከዚያ አፈርኩ። ለነጥብ መሥራትን ማን አስተማራቸው? እኔው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26
"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው። ወረቀቱን ቦጫጭቄ በርሜሉ ውስጥ ጨመርኩት። "አሁን ምን ይሻላል? እናንተ ንገሩኝ።" ከዚያ ማን ያስቁማቸው! ውሃውን አንጠፈጠፉ፣ ደረቅ ቅጠልና ካርቶን ጨመሩ፣ አገላበጡ። እኔ አካፋ አቀባይ ሆንኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16
ኃላፊው ጓሮ ወረደ። ከበርሜሉ ዘግኖ አሸተተ። አፈር አፈር ይላል።
"መጀመሪያ ማን ነው ያበላሸው?"
ዝምተኛዋ ቀደመችኝ። "ቲቸር ናቸው። ግን ራሳቸው አምነዋል።"
በሳቅ ፈነዳ። "በሉ ቀጥሉ። ለመስኮቴ አበባም ትንሽ አስቀሩልኝ።"
እፎይ! ቤት ስገባ እህቴ ጫማዬን እንኳ አላየችም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17
ጓሮ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ የልጆቹ የእጅ ጽሑፍ ነው። ፊርማ የለም፣ ነጥብ የለም። ተራ ብቻ፣ በቀን አንድ ሰው። ሠላሳ ሦስት ስም... የመጨረሻው የኔ። ከአጠገቡ እንዲህ ይላል፦
"ቲቸር፣ መጀመሪያ በእጅዎ ጨብጠው ይዩት። እርጥብ ከሆነ ውሃ እንዳይጨምሩ።"