ማዶ የማይሻረው ፍርድ

ጓድ ቀለመወርቅ፣

ከባድ ዜና ስላለኝ መጀመሪያ ቁጭ በል። አጎቴ ጋሼ ወንድይፍራው ዳኛ የሆኑበት የአየር ጤና ቀበሌ ሸንጎ፣ በንግድ ክርክር የሰጠውን ፍርድ የውጭ ፍርድ ቤት እንዳይሽርበት አዋጅ አወጀ! ውጭ የተባለው ወንዝ ማዶ ያለው ቀበሌ ነው።

ጫጩት አርብተው የሚኖሩት እትዬ ጉዲቱ ከማዶው ነጋዴ ከመገርሳ አውራ ዶሮ ብለው የገዙት ጉድ እንቁላል ጣለ። ሸንጎአችን "አውራ ስጣቸው" ብሎ ፈረደ። መገርሳ ግን ሮጦ በራሱ ቀበሌ አሻረው። ጋሼ አንድ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣቱን ከራዲዮ ሰምተው ኖሮ፣ "እኛስ ከማን እናንሳለን?" ብለው ስብሰባ ጠሩ። ሁሉም እጁን አወጣ፤ እኔማ እንግዳው ሁለቱንም።

የማዶው ዳኛም "የእኛን ካከበራችሁ የእናንተን እናከብራለን" ብለው ላኩ። በዚህ የተነሳ ዛሬ መገርሳ ቀይ አውራ ታቅፎ መጣና "በሉ ዶሮዬን መልሱልኝ" አለ። እትዬ ጉዲቱ "ፍርዱ ስጥ ይላል እንጂ መልሺ አይልም፤ ፍርድ ደግሞ አይሻርም!" ቢሉት እሱም ሳቀ። እኛ አገር ማርቆስ ቢሆን ሽማግሎቹ ዶሮዋን በልተው ያስታርቁ ነበር።

ፖስታ ካርዱ ሞላ። የእማማ ወለተጻድቅን ጉልበት ሳምልኝ። ጽጌማርያምን ናፍቃኛለች በላት፤ ከተቆጣች ግን ያልከው አንተ ነህ። ለነገሩ አገር ያናወጠው ሁሉ የአንዲት ዶሮ ጣጣ ነው።

ተክሌ