ዳማ የሚሸነፍልኝ ጎረቤት

ለምወድሽ ልጄ፤ በሄድሽበት ሁሉ ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም። እኔ፣ እሱ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ፊደሎቼ እንደ ሰካራም የሚንገዳገዱት በታመመው እጄ ስለጻፍኳቸው ነውና ደስ ይበልሽ።

ከስትሮኩ ወዲህ እጄን የምታሠራኝ ባለሙያ ጣቷን ታስጨብጠኝና «ጎብዘዋል አባባ፣ ከአሥር ሰባት» ትላለች። እኔ ግን የራሴ መለኪያ አለኝ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፣ ከታመምኩ ጀምሮ ዳማ ይሸነፍልኛል። ለሙከራ ጠጠሬን አፉ ሥር ባኖርለት እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በጸሎቴ ጤና ስጠኝ ስል፣ ለካ የምፈልገው፣ ሰው እንዳያዝንልኝ ኖሯል።

ትናንት ግን የምሬን አጣበብኩበትና እልህ ያዘው። ማዘኑን ረስቶ ሦስት ጠጠር ባንድ ዝላይ በላብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያመመህ እጅህን ነው እንጂ ጭንቅላትህማ ድሮም እንዲሁ ነበር» አለኝ።

ተሸንፌ እየሳቅኩ ቤቴ ገባሁ።

አንቺም ስትደውዪ ያልኩትን ሁሉ «እሺ አባዬ» እያልሽ አታባብዪኝ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቀን እንኳ ቶሎ እሺ ብላኝ አታውቅም። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እሑድ ደውዪና ተከራከሪኝ።

አባትሽ