ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገው የአያቴ ጠገራ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥተናል። በሁለተኛው ዓመት ግን መንገድ ተዘግቶ ስለነበር እህቴ ትርንጎ ከጫግኒ መምጣት አልቻለችም፤ ዝክሩን ጎረቤት ብቻ ቀመሰው። ይህን ደብዳቤ ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። የዘገየሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ የምነግርህ ነገር ስላሳፈረኝ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የልብስ ስፌት ሱቅህን ሞባይል ለሚጠግን ሰው አከራይተነዋል። ከፊት ለፊቱ የባጃጅ ተራ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጥሩምባ ነው። የስፌት መኪናህን አልሸጥንም፤ ሳሎን ጥግ ላይ ቆሟል። የከተማችን የቆሰበር ዝናብ እንደምታውቀው ነው፤ ቆርቆሮው አንተ በየክረምቱ ትደፍነው በነበረው ቦታ አሁንም ያፈሳል። ለበዓል ፈረስ የሚለብሰውን ግላስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሰዎች እስከ ሱቁ በር ደርሰው ስምህን ይጠራሉ፤ መሞትህን ያልሰሙ አሉ። እኔም ያው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነኝ፤ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የእናትህን ጠገራ አበላሽቼብሃለሁ።

ሠላሳ አንድ ጠገራ ብር ትተህልናል፤ በክር ሣጥንህ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ከግላስ ቁራጭ በሰፋኸው ትንሽ ከረጢት። ሁሉም ላይ ያቺው ወፍራም ንግሥት አለች፤ ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመትም አንድ ነው። የተመቱት ግን በተለያየ ዘመን ስለሆነ፣ ከመካከላቸውም የውሸት ስለሚገባ፣ ዓይንህን አታምንም ነበር። አንድ ብር ሲመጣልህ የቀዘቀዘ የከሰል ካውያህ ላይ ጣል አድርገህ ድምፁን ትሰማለህ። ከዚያ ጠርዙን እየዞርክ የተቀረጹትን ፊደሎች በጥፍርህ ትፈትሻለህ፤ መዳፍህ ላይ አድርገህም ትመዝነዋለህ። በመጨረሻ ያንኑ ሁሉ በአያቴ ብር ትደግመዋለህ። የእሷ ብር መለኪያህ ነበር። በአንገቷ ታስረው ስለነበር ከላይ በኩል ማንጠልጠያው የተበየደበት እብጠት አለው፤ ማንጠልጠያው ራሱ ድሮ ወልቋል። ከአዊኛ በቀር የማትናገረው አያቴ ገበያ ላይ ስትከራከር ያንን እብጠት በአውራ ጣቷ ታሽ እንደነበር ነግረኸናል። ትርንጎም በልጅነቷ ካንተ ተቀብላ በአውራ ጣቷ ስታሽ አስታውሳለሁ።

አብዛኞቹን የገዛኸው ዳንግላ ከሐጂ ኑሩ ሱቅ ነው። ደረሰኝ ተሰጣጥታችሁ አታውቁም። ቤት ወስደህ ድምፁ ካልጣመህ ከወር በኋላም ቢሆን ትመልሳለህ፣ እሳቸውም ለምን ሳይሉ ይቀበሉሃል። አንድ ቀን ይዘኸኝ ሄደህ፣ አንዱን ብር ደጋግመህ እየጣልክ ጆሮህን ስትደቅን፣ ሐጂ «ልትገዛው ነው ወይስ ልታዘፍነው?» አሉህ። አንተ ሳትስቅ «ዝም በለኝ፣ እየነገረኝ ነው» አልካቸው። እኔ እንኳ ያኔ ስቄያለሁ።

ከአርባህ በኋላ ንብረት ስንነጋገር ትርንጎ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ የአያቴን ጠገራ። ሌላውን ሁሉ ውሰድ አለችኝ። መስጠት ነበረብኝ። እኔ ግን ለከሰል በሚተከል አንድ መደዳ የዲከረንስ ዛፍ ወንድማማቾች ዓመት ሙሉ ሲካሰሱ ፋይላቸውን የማመላልስ ሰው ነኝ። ኋላ ልጆቻችን እንዳይጣሉ የሁሉም ግምት ይታወቅ፣ በወረቀት ይከፋፈል አልኳት። «እኔ ዋጋውን አልጠየቅሁህም፣ ወንድም ዓለም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እኔ ግን ትክክለኛ የሆንኩ መስሎኝ ቀጠልኩ።

አዲስ አበባ አሮጌ ገንዘብ የሚነግድ ሰው አገኘሁ። ትሑት ነው፣ ንግግሩም የሚያረካ ነው። የብርን እውነተኛነትና ደረጃ መርምሮ የሚመሰክር ድርጅት ውጭ አገር አለ፤ ያ ድርጅት በፕላስቲክ አሽጎ ወረቀት የለጠፈበትን ብር ማንም አይከራከርበትም አለኝ። ሁሉንም መላክ ውድ ስለሆነ በአንዱ እንጀምር ተባባልን። እኔም ትርንጎ የጠየቀችውን ሰጠሁት። ማኅተም ያለው ደረሰኝ ጻፈልኝ፤ አመንኩት። ሐጂ ኑሩን አላማከርኩም። የሚሸጥ ሰው በሸጠው ዕቃ ላይ ዳኛ አይሆንም ብዬ ነበር። አዲስ አበባ ያለውም እንደሚሸጥ አልታየኝም።

ዘጠኝ ወር ቆየ። ከዚያ ውስጥ ኔትወርክ የጠፋበትም፣ መንገድ የተዘጋበትም ወራት ነበሩ። ሲመጣ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጎ፣ ከላይ በእንግሊዝኛ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ወረቀቱ እውነተኛ ነው ይላል፤ ቀጥሎ ግን ተጠግኗል ስለዚህ የደረጃ ቁጥር አይሰጠውም ይላል። ብሩን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። እብጠቱ የለም። ንጹሕ፣ ነጭ፣ ማንም ያልነካው የሚመስል ብር ነው።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ተለውጧል የሚል ነበር። ሺህ አንድ ዓይነት ብር ባለበት ዓለም አንዱን በአንዱ መለወጥ ምን ይከብዳል? ለነጋዴው ደወልኩ። ወረቀቱ እውነተኛ ነው ካለ ሌላ ምን ትፈልጋለህ አለኝ። የአያቴ መሆኑን ነው አልኩት። እሱ በወረቀቱ ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም አለኝ፤ ፕላስቲኩ ከተከፈተም ከዚያ በኋላ ለሚነሣ ቅሬታ ተጠያቂ እንደማልሆን ዕወቅ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ለድርጅቱም ጻፍኩ። የመረመርነው የደረሰንን ብር ነው፣ ሌላ ጥያቄ ካለዎት የላኩልንን ሰው ያነጋግሩ የሚል መልስ መጣልኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። ውሸት የለበትም። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ማንንም በውሸት መያዝ አልቻልኩም።

ያንተን ዘዴ ልሞክር አልኩ፤ አይቻልም። ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ብር ካውያ ላይ ቢጥሉት ዱብ ከማለት በቀር ድምፅ የለውም። ጠርዙ በፕላስቲክ ተይዟል፤ ጥፍር አያገኘውም። ክብደቱም ከማሸጊያው ጋር ነው። ለማጣራት መክፈት አለብኝ፤ ከከፈትኩ ደግሞ መክሰሻዬን በገዛ እጄ ሰበርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው ይዞብኝ ቢመጣ ማስረጃህን አትንካ ነበር የምለው። ስለዚህ አራት ወር ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ትርንጎ በደወለች ቁጥር ገና አልመጣም እያልኩ ዋሸኋት።

በአምስተኛው ወር በጠመንጃ መፍቻና በመዶሻ ሰበርኩት። ካውያህን አውጥቼ ብሩን ጣልኩበት። ጮኸ። ጥሩ ድምፅ መሰለኝ። ሌላውን ጣልኩ፤ እሱም ጥሩ መሰለኝ። ሠላሳ አንዱንም ጣልኳቸው፤ ሁሉም ጥሩ ናቸው። እውነተኛው ምን እንደሚል፣ ሐሰተኛው ምን እንደሚል አላውቅም።

እዚያ ላይ ባንተ ተናደድኩ፣ አባዬ። ሙት አይወቀስም ይባላል፤ እኔ ወቀስኩህ። ሠላሳ ዓመት ስትሰበስብ አንድ መስመር አልጻፍክም። ይህ ከእገሌ የመጣ ነው፣ ይህ እንዲህ ያለ ምልክት አለው የሚል ቁራጭ ወረቀት በየከረጢቱ ብታስገባ ምን ነበረበት? የደንበኛን የትከሻ ልክ በደብተር የምትጽፍ ሰው ይህን ሁሉ በጆሮህ ይዘህ ሄድክ። እንዲህ እያልኩ ስብከነከን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። «ና፣ ይህን ስማ» ትለኝ ነበር። እየሰማሁ ነው እልህ ነበር፤ ዓይኔን ከስልኬ ሳላነሣ።

በማግስቱ በሚኒባስ ዳንግላ ሄድኩ። ሐጂ ኑሩ ሱቁን ለልጃቸው ለቀው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ሰማንያ አልፏቸዋል። የልብስ ሰፊው ልጅ ነኝ ብል አልሰሙኝም፤ ጆሯቸው ከድቷቸዋል። ጮኼ ስነግራቸው አቀፉኝ፣ ነፍስህን ይማር አሉ። በድምፅ የሚያውቅልኝ ሰው ፈልጌ መጥቼ መስማት የተሳናቸው ሽማግሌ ፊት መቀመጤ ሊያስቀኝም ሊያስለቅሰኝም ቃጣው። ብሩን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠርዙን በጥፍራቸው ቀስ ብለው ዞሩት። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ፤ ተመልሰው እንደገና ዞሩት።

«የእናቱ ነው» አሉ። «ይቺ የተሰበረች ፊደል አለች፤ ስንት ጊዜ ይዞብኝ መጥቷል። ግን እዚህ ላይ ልሙጥ ነው። ማነው በሞረድ የፋቀው?»

ነገርኳቸው። የማይሰማ ሰው ድምፁን አይመጥንምና መላው መደዳ እየሰማ መለሱልኝ።

«ወላሂ ሌባ ቢሰርቀው ይሻል ነበር። ሌባ አይፍቀውም።»

እዚያው በረንዳ ላይ ሆኜ ለነጋዴው ደወልኩ። አሁን የማውቀውን ስነግረው አልካደም። እብጠቱ ደረጃውን ይጥለው ስለነበር ለአንተው ብዬ በአንጥረኛ አስነሣሁት አለኝ። በድምፁ ውስጥ ጸጸት አልነበረም፤ ውለታ የዋለ ሰው ቅሬታ ነበረው። ድርጅቱም አልተሳሳተም፤ ተጠግኗል ያለው ይህንኑ ነው። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል። አንተ ሌላውን ሁሉ የምትለካበት ብር ግን ጎድሏል፤ ያንን ለማን አቤት እንደምል አላገኘሁም።

በሳምንቱ ጫግኒ ወረድኩ። ትርንጎ ቤቷ በር ላይ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ የዋሸኋትንም። ብሩን ተቀበለችና አውራ ጣቷን እብጠቱ ወደነበረበት ወሰደች። ጣቷ እዚያ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ አለ፤ የሚይዘው አጣ።

«የአያታችን መሆኑን ማን ነው የነገረህ?» አለችኝ።

«ሐጂ።»

«አንተስ? ብቻህን ብታገኘው ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም አልኳት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና ምሳ ልታቀርብልኝ ገባች።

አባዬ፣ ከዚያ ወዲህ መንገድ ክፍት በሆነ ቁጥር ሁለት ሦስት ብር ይዤ ዳንግላ እሄዳለሁ። ሐጂ ዓይኔን ያስጨፍኑኛል፤ ብሩን እጄ ላይ ያስቀምጡና ከማን እንደገዙት፣ አንተ ስንት ጊዜ መልሰህ ስንት ጊዜ እንደወሰድከው እያወሩ ጠርዙን በጥፍሬ ያስዞሩኛል። ስሳሳት ይስቁብኛል፤ አባትህ ለዚህ ጣትህ መርፌ አለመስጠቱ ብልህነት ነበር ይሉኛል። እኔም አመሌ አልለቀቀኝምና ያሉትን ሁሉ እጽፋለሁ። ትርንጎ ከወሰደችው በቀር ሠላሳ ብር አለ። እስካሁን አራቱን ያለ ወረቀት እለያለሁ። አልረሳህም ብዬ የምገባልህ ቃል ይህ ነው፤ ሁሉንም እስክለይ አላቋርጥም።

ሐጂ ባለፈው ሳምንት ትንሽ አሟቸው ነበር። ሃያ ስድስት ይቀረኛል፤ እየቸኮልኩ ነው።

ልጅህ